አጥቂ መሆን ያማራቸው ተከላካይ

ክቡር አለቃችን፣ የአቶ ጠና ባለቤት ወይዘሮ አባይነሽ፣ ይህን የሰኔ ጭቃ ረግጣችሁ ከዱራሜም ከሀደሮም የመጣችሁ እንግዶች፣ የመሥሪያ ቤቴም ሰዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። «አንተ ሽብሩ፣ ከአቶ ጠና ጋር ረጅም ዘመን ስለሠራህ የጡረታ መሸኛ ንግግሩን አንተ አድርግ» ተብዬ ነው የቆምኩት። ይህ ውሸት ነው። የተመረጥኩት ሌሎቹ ሁሉ እምቢ ስላሉ ነው። ጋሽ ጠና ላምቦሬ በተቀመጡበት መናገር ማለት የተናገሩት ቃል ሁሉ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል ማለት ነዋ። ይኸው፣ እስክሪብቶአቸውን አወጡ። ይጻፉ ጋሼ፣ ዛሬ አልፈራዎትም፤ ከነገ ጀምሮ የሚያስገቡበት ፋይል የለዎትም።

እሳቸው የመጡ ዕለት እኔ አልነበርኩም። በር ጠባቂያችን ጋሽ ተገኘ ግን ነበሩ፤ ታሪኩንም በየዓመቱ ይነግሩናል፣ በየዓመቱም ትንሽ ይረዝማል። ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ነው አሉ። ከጃጁራ በእግራቸው የመጡ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑ ጎልማሳ የቅጥር ደብዳቤ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ተገኘ «አምጣ፣ ላስገባልህ» ቢሏቸው፣ «መጀመሪያ መቀበልዎን ይፈርሙልኝ» አሉ። ጋሽ ተገኘ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠሩም። ጋሽ ጠና «እንግዲያው አይሰጥም» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት! በመጨረሻ አንድ ጸሐፊ ቀለም ይዞ ወጣ፣ የጋሽ ተገኘ አውራ ጣት ተቀባ፣ አሻራው ተወሰደ፣ ደብዳቤው ገባ። አለቃው ይህን ሲሰሙ «ይህ ሰው መዝገብ ቤት ይግባ» አሉ። ገቡ። ከገቡበትም ዛሬ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ወጡ።

የመዝገብ ቤቱን ሕግ የማያውቅ እዚህ የለም። እርሳሱ በሲባጎ ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ይንጠለጠላል። ሲባጎው አንድ ክንድ ስለሆነ፣ የሚፈርም ሰው አጎንብሶ ነው የሚፈርመው። ክቡር አለቃችንም አጎንብሰዋል፤ እኔ አይቻለሁ። «ጋሽ ጠና፣ የእንትና ፋይል ይፈለጋል፣ አስቸኳይ ነው» ስትላቸው መልሱ አንድ ነው፤ «ቁጥር።» ቁጥር ከሌለህ አስቸኳይ አይደለህም። አይጥ ስለበዛ ድመት ተገዛች። በሳምንቷ ድመቷ ጠፋች ብለን ስንፈልግ እሳቸው ሳይደነግጡ «አልጠፋችም፤ ያለ መሸኛ ነው የወጣችው» አሉ። ድመቷም ፋይል ነበራት።

ደግሞ ስለ ዕድሜ። እዚህ ቤት የተቀመጥን ሰዎች ሁላችን፣ ስም አልጠራም፣ በየሦስት ዓመቱ አንድ ዓመት ብቻ የምናድግ ነን። አንድ ባልደረባችን ከልጁ ጋር እኩያ ሊሆን ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጋሽ ጠና ግን የራሳቸውን የልደት ዘመን በገዛ እጃቸው በትክክል ጽፈው፣ ሃምሳ አምስት የሞላቸው ዕለት «ጊዜዬ ደርሷል» የሚል ማስታወሻ ለአለቃችን አስገቡ። ከነግልባጩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወጣቶቹ ይህን አጭር፣ ጉልበታቸውን እየያዙ የሚነሱ ሰው አይታችሁ አታምኑም፤ ጋሽ ጠና የመሥሪያ ቤታችን ኳስ ቡድን ተከላካይ ነበሩ። ተከላካይ ብቻም አይደሉ፣ ከሆሳዕና እስከ ቦኖሻ ስማቸው የተጠራ ተከላካይ። አጥቂ ሲመጣባቸው ማኅተም የሌለው ወረቀት እንደመጣ ነበር የሚያዩት፤ አያሳልፉም፣ አለቀ። በረኛው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስለ በረኝነቴ ብዙ አልናገርም። ኳስ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍን እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እኔና ጋሽ ጠና።

የአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረቱ የጥር ጨዋታ ነው ነገሩን ያመጣው። ከዱራሜ ቡድን ጋር ነው፣ ሜዳችን ከገበያው በታች ያለው ያ ቁልቁለት ነው። ዱራሜዎች ከላይ ወደ ታች እያጠቁ ግማሹን ጨዋታ በሙሉ እኛ ላይ ሰፈሩብን። ጋሽ ጠና ያልመለሱት ኳስ አልነበረም። በደረት፣ በጉልበት፣ በኋላም በቅንድብ መለሱ፤ ቅንድባቸው ተተረተረና ደሙ በፊታቸው ይወርድ ነበር። ሊያልቅ ሲል ኳስ ወደ ዱራሜ በር ጠለዙ። እዚያ አጥቂያችን አቶ ዳኘ አሉ። አዎ፣ የዛሬው የክፍል ኃላፊያችን አቶ ዳኘ፣ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ዳኘ በዚያች ደቂቃ ከእግራቸው እሾህ እያወጡ ነበር። አጎንብሰዋል። ኳሱ መጣ፣ ጀርባቸውን መታ፣ ገባ። አቶ ዳኘ ጎል ማግባታቸውን ያወቁት ትከሻ ላይ ከወጡ በኋላ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ሕዝቡ አቶ ዳኘን ተሸክሞ ገበያውን ዞረ። አለቃችን የነበሩት ባላምባራስ ወልደ ሰንበት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው አለበሷቸው። አቶ ዳኘ ያንን ካፖርት እስከ ሚያዝያ ሙቀት አላወለቁም። ጋሽ ጠና ደግሞ ደማቸውን በመዳፋቸው ይዘው በሜዳው መሐል ቆመዋል። ባላምባራስ ዞር ብለው አዩዋቸውና ምን አሉ መሰላችሁ? «ጠና፣ ኳሱ እንሰቱ ውስጥ ገብቷል፣ ፈልገህ አምጣ።»

ሄደው አመጡ።

እኔ በማግስቱ መዝገብ ቤት ስገባ ቅንድባቸው በጨርቅ ታስሮ ይጽፋሉ። ማመልከቻ ነው። «ጉዳዩ፦ ከተከላካይነት ወደ አጥቂነት እንድዛወር ስለ መጠየቅ» ይላል። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፤ ፋይሉን ባለፈው ሳምንት አንብቤዋለሁ። «ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ምድብ ያለ አንዳች ነቀፋ ሳገለግል የቆየሁ ሲሆን፣ በተከላካይነት የተመደበ ሰው ምንም ቢደክም ትከሻ ላይ የማይወጣ መሆኑን ስለተረዳሁ…» ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር! በዚያ ዕድሜ ሰው ከተጫዋችነት ወደ ተመልካችነት ይዛወራል እንጂ አጥቂ ልሁን ይላል? ሳቅንባቸው። እኔም ስቄያለሁ። እሳቸው ግን ማመልከቻውን በሦስት ግልባጭ አዘጋጅተው፣ ለራሳቸው መዝገብ ቤት ራሳቸው አስገብተው፣ ራሳቸው ፈርመው ተቀብለው፣ ቁጥር ሰጥተው ወደ ባላምባራስ መሩት።

የባላምባራስ መልስ በአምስተኛው ቀን መጣ። «አመልካቹ ጎበዝ ተከላካይ ስለሆነ ጥያቄው አልተፈቀደም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይታሰብለት ነበር» ይላል። ጋሽ ጠና ይህንንም ቁጥር ሰጥተው አስቀመጡት።

እዚህ ላይ ክቡር አለቃችን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህች የባላምባራስ ቃል ከባላምባራስ ጋር አልተቀበረችም። ጋሽ ጠና ከዚያ ወዲህ ከመዝገብ ቤት ወደ ክፍል ኃላፊነት ለመዛወር አራት ጊዜ አመልክተዋል፤ አራቱም ጊዜ አራት የተለያዩ አለቆች «መዝገብ ቤቱ ያለ እሱ ይፈርሳል» እያሉ መልሰዋቸዋል። የጎበዝ ሰው ዋጋው ይህ ነው፤ እዚያው ማስቀመጥ። እሾህ ሲያወጣ ጀርባውን ኳስ የመታው ግን የክፍል ኃላፊ ሆኗል። አቶ ዳኘ፣ አይቆጡ፤ እርስዎም ሲስቁ አይቻለሁ።

ታዲያ ጋሽ ጠና በአንድ መልስ የሚመለሱ አልነበሩም። በመጋቢት ባላምባራስ አዲስ አበባ ሲወርዱ እኛ ልጆቹ ተመካከርንና «እስቲ አንድ ቀን ይሞክሩ» ብለን ከአስተማሪዎቹ ቡድን ጋር በተደረገ ጨዋታ ከፊት አሰለፍናቸው። ያን ቀን ያላየ ምን አየ? የአስተማሪዎቹ በረኛ ወጥቶ ወደቀ። ኳሱ ጋሽ ጠና እግር ሥር ቀረ። በሩ ባዶ ነው። ጋሽ ጠና ኳሱን አዩት፣ በሩን አዩት፣ ከዚያ ዞረው ባላቸው ኃይል ወደ እኛ ሜዳ ጠለዙት። «ተጠንቀቁ!» እያሉ ነው ደግሞ። ከበር አጠገብ ያለ ኳስ መራቅ አለበት፤ እግራቸው ሌላ አያውቅም። ኳሱ ቁልቁለቱን ይዞ እየነጠረ እስከ እኔ መጣ፤ እኔም ሰው ሳዋራ ነበርና ኳሱ ሊገባ ሲል ከየት መጡ ሳልላቸው እኚሁ ጋሽ ጠና ሜዳውን ሙሉ ሮጠው መለሱት። «ሽብሩ፣ በርህን ጠብቅ» አሉኝና ወደ ፊት ተመለሱ። በዓለም ላይ የራሱን ቡድን በር ከራሱ ኳስ ያዳነ አጥቂ ካለ ንገሩኝ።

ሳቁ። እኔ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስናገር ግን የምትስቁ አይመስለኝም።

ጋሽ ጠና ከዚያ በኋላ አጥቂነትን አላነሱም። የተዉት መስሎን ነበር። እሳቸው ለካ ለዱራሜ ቡድን ጽፈው ኖሯል። የዱራሜ ቡድን ባለቤት ቡና ነጋዴው አቶ አህመድ ናቸው፤ ዛሬም ሳይቀሩ መጥተው እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል። «አጥቂ ታደርጉኛላችሁ ወይ?» ነው ያሏቸው። በግንቦት መልሱ መጣ። በዚያን ጊዜ የሚመጣውን ደብዳቤ ከፖስታ ቤት አምጥቶ የሚከፍተው ማን ነበር? እኔ። ከፈትኩት። «አቶ ጠና ላምቦሬ በአጥቂነት ይሰለፋሉ፤ በመጋዘናችንም በኃላፊነት ይሠራሉ። ቦታውን እስከ መስቀል እንጠብቅልዎታለን» ይላል።

መልሼ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ያን ጊዜ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። የተቀጠርኩትም ለጽሕፈቴ አይደለም፣ የቀድሞው በረኛ ስለታመመ ነው። ውሌ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ባላምባራስ ደግሞ በሰው ፊት «ጎል ከበዛብህ ቦታህ ለሌላ በረኛ ይሰጣል» ብለውኛል። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ እህተማርያምና ሦስት እህቶቼ የሚበሉት በእኔ ነው። ከፊቴ ጋሽ ጠና ባይኖሩ በአንድ እሑድ ስምንት ጎል ይገባብኝ ነበር። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ደብዳቤውን ደበቅኩት። የት ደበቅከው በሉኝ። ማንም ከፍቶት የማያውቅ፣ ለዘላለምም የማይከፍተው አንድ ፋይል አለ፤ «የጣራ ማስጠገኛ ጥያቄ» የሚለው። ጣራው ዛሬም ያፈሳል፣ ቀና ብላችሁ እዩ። እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ለጋሽ ጠና ምንም አልነገርኩም። በየቀኑ «ከዱራሜ የመጣ የለም?» ሲሉኝ «የለም» እላለሁ። መስቀል መጣ፣ አለፈ። ጋሽ ጠናም መጠየቃቸውን ተዉ። አቶ አህመድ፣ «መልስ እንኳ ነፈገኝ» ብለው ለብዙ ዓመት እንደተቀየሟቸው ሰምቻለሁ። የሚቀየሙት እኔን ነው። እነሆኝ።

በዚያ መስከረም አንድ ነገር ተጀመረ። ጋሽ ጠና ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ «ና» ይሉኝ ጀመር። እኔን በሩ ላይ ያቆሙኝና ይመታሉ። ይመታሉ፣ ይመታሉ። አጥቂነት የሚለማመዱ መስሎኝ በሆዴ ሳቅኩባቸው፤ ለጓደኞቼም «አጥቂነቱ ዛሬም አልለቀቃቸውም» እያልኩ አወራሁ። «ዓይንህን አትጨፍን፤ ኳስ ስላየኸው አይብስብህም» ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ ካልከለከለን በቀር አንድ ቀን አልቀሩም። ዓይኔን መክፈት ለመድኩ። በአርባ ስምንት ሐምሌ የቋሚነት ደብዳቤዬ ሲመጣ ራሳቸው አመጡልኝ፣ በሲባጎ የታሰረውን እርሳስ ሰጡኝ፣ አጎንብሼ ፈረምኩ። «ከእንግዲህ ጎል ይግባብህ» አሉኝና ሄዱ። በዓመቱ ጉልበታቸው ተጎዳ፣ ኳስ ቆመ። አንድም ቀን ትከሻ ላይ አልወጡም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። ባለፈው ሳምንት የመዝገብ ቤቱ ርክክብ ሲደረግ ተረካቢው እኔ ተባልኩ። እግዜር ሲያሾፍ እንዲህ ነው። ጋሽ ጠና ለምሳ ሲወጡ ያንን ደብዳቤ አውጥቼ በኪሴ ልከት ብዬ የጣራውን ፋይል ከፈትኩት።

ደብዳቤው አለ። ግን እኔ እንደጣልኩት አይደለም። ተበስቶ በወጉ ታስሯል። ገጽ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ አሥራ አራት። የፋይሉ ዝርዝር ላይ ተመዝግቧል። እኔ የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ ጋሽ ጠና በየጳጉሜው መዝገብ ቤቱን ዘግተው እያንዳንዱን ፋይል እያወጡ፣ አቧራውን እያራገፉ፣ ገጹን እየቆጠሩ መመለሳቸውን ነው። የጣራውንም። ከወረቀት ሰው ወረቀት ደብቄ ኖሬአለሁ! በኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ፣ በዚያ በምታውቁት ቀጥ ባለ እጃቸው እንዲህ ተጽፏል፦

«ጳጉሜን 3 ቀን 1946። ታይቷል። በረኛው ገና ጊዜያዊ ነው። ይቆይ።»

ጳጉሜን ሦስት። መስቀል ሊደርስ ሃያ ቀን ነበረው። መሄድ ይችሉ ነበር። አጥቂም፣ የመጋዘን ኃላፊም መሆን ይችሉ ነበር። እኔንም ለባላምባራስ አሳልፈው ቢሰጡኝ በዚያኑ ቀን እባረር ነበር። እሳቸው ግን ቁጥር ሰጥተው አስቀመጡትና እየመጡ «ከዱራሜ የመጣ የለም?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ጋሽ ጠና፣ ይህቺኛዋን ግን በጣም ጨክነዋል። ከጳጉሜ እስከ መስቀል ሃያ ቀን ሙሉ እያወቁ ጠየቁኝ፤ ሃያ ቀን ሙሉ ስዋሽ አዩኝ። ይህ ቅጣት ከሆነ ተቀብዬዋለሁ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከምሳ ሲመለሱ አዩኝ፤ ፋይሉንም አዩት። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ካየኸው መልሰህ አስቀምጠው፤ ቁጥሩ እንዳይዛባ።»

እኔ ስድስት ልጆች አሳድጌያለሁ። እህቶቼን ድሬአለሁ፤ እናቴ በወግ ተቀብራለች። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር ሃያ ቀን ሲቀረው ስለተወ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሳሾፍባቸው የዋልኩት ሰው ፊት ቆሜ እንዲህ ስል አላፍርም፤ ይቅር ይበሉኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይዘሮ አባይነሽ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፤ ባለቤትዎ በየጠዋቱ ካልሲያቸውን አጨቅይተው የሚመለሱት በእኔ ምክንያት ነበር።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ጋቢና አንድ የእጅ ሰዓት አዘጋጅቷል። ሰዓቱን ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አርፍደው የሚያውቁት እኛ ነን። እኔ ደግሞ የራሴን ስጦታ አምጥቻለሁ፤ ያ የዱራሜ ደብዳቤ ነው። ከፋይሉ ማውጣቴን አትቆጡኝ፣ በቦታው ግልባጭ አስቀምጫለሁ። ነገር ግን ዝም ብዬ አልሰጥም። ጋሼ፣ እርሳሱ ይኸው፣ ሲባጎውም አለ። መቀበልዎን ይፈርሙልኝ።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ፤ ጠጅ የያዛችሁ ጠጃችሁን፣ እንደ ጋሽ ጠና ብርዝ የያዛችሁ ብርዛችሁን ከፍ አድርጉ። የጃጁራ እንሰትዎ ይፋፋ። ጉልበትዎ ይጽና። ከወይዘሮ አባይነሽ ጋር ብዙ መስቀል በጤና ይዋሉ። እሑድ እሑድ የመንደሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ካዩ ከኋላ አይቁሙ፤ ወደ ፊት ይውጡ፣ በሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ አደራዎን ወደዚያ ይምቱት። አቶ ዳኘ፣ እርስዎ በግራ በኩል ይያዙልኝ፣ እኔ በቀኝ አለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ትከሻ ነው።

ጋሽ ጠና፣ በረኛው ቋሚ ሆኗል። አሁን መሄድ ይችላሉ።